ከማሳ እስከ ገዢ፤ የበቆሎ አቅርቦት ሰንሰለትን በልኬት መምራት

የሥልጠና ጽሑፍ ለሞዴል አርሶ አደሮች

1. መግቢያ



አንድ አርሶ አደር ሞዴል ተብሎ ሲመረጥ በአብዛኛው የሚታየው በሄክታር ያገኘው ምርት ነው። ይህ ልኬት ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ምርቱ ከማሳ ከተነሳ በኋላ ምን ያህሉ ገዢው ዘንድ ደረሰ? ምን ያህሉ በነቀዝ ተበላ? ወጪው ሲቀነስ ከእያንዳንዱ ኩንታል ስንት ብር እጃችሁ ላይ ቀረ? መሬቱስ ለከርሞ ይህን ያህል ይሰጣል? እነዚህን ጥያቄዎች የምርት መጠን ብቻውን አይመልስም።

ለምሳሌ ሁለት አርሶ አደሮች ከአንድ አንድ ሄክታር እኩል 60 ኩንታል በቆሎ አመረቱ እንበል። አንደኛው በመፈልፈልና በማጓጓዝ 2 ኩንታል፣ በጎተራ 5 ኩንታል አጣ፤ 3 ኩንታል ደግሞ ሻጋታ ስለታየበት ገዢው መለሰው። ገበያ የደረሰው 50 ኩንታል ነው። ሁለተኛው በመፈልፈል 1፣ በጎተራ 1 ኩንታል ብቻ አጥቶ 58 ኩንታል አደረሰ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 8 ኩንታል ነው። በሄክታር 60 ኩንታል በሚሰጥ መሬት ላይ 8 ኩንታል ማለት ከግማሽ ጥማድ በላይ የሆነ መሬት ሙሉ ምርት ነው። አንደኛው አርሶ አደር ያንን መሬት አርሷል፣ ዘርቷል፣ ማዳበሪያ አድርጓል፣ አርሟል፤ ነገር ግን ከእርሱ አንድ ኪሎ እንኳ አልሸጠም።

ስለዚህ ብክነትን መቀነስ ተጨማሪ መሬት ሳያርሱ ተጨማሪ ምርት ማግኘት ነው። ብክነቱን ለመቀነስ ደግሞ በመጀመሪያ የት እንደሚደርስ ማወቅ፣ ለማወቅም መለካት ያስፈልጋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፤ ሥልጠናውን ስታጠናቅቁ፦

- የበቆሎ ምርት ከማሳ እስከ ገዢ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ለይታችሁ ታውቃላችሁ፤
- በየደረጃው በቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ሊሠሩ የሚችሉ ስድስት ልኬቶችን ትሠራላችሁ፤
- መቼ፣ ለማንና ምን ያህል እንደምትሸጡ በልኬት ላይ ተመሥርታችሁ ትወስናላችሁ፤
- ይህንኑ ለልማት ቡድናችሁ አባላት ታሳያላችሁ።

ማስታወሻ፦ ምሳሌው በበቆሎ የተሰጠው እንደ ሜጫ፣ ደቡብ አቸፈር፣ ቡሬና ወንበርማ ባሉ ወረዳዎች በስፋት ስለሚመረት ነው። አሠራሩ ለስንዴ፣ ለማሽላና ለሌሎችም ሰብሎች ያገለግላል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት የዋጋና የወጪ አኃዞች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ በእናንተ አካባቢ ባለው ዋጋ ተክታችሁ ሥሩ።

2. የአቅርቦት ሰንሰለት ማለት ምን ማለት ነው?

የአቅርቦት ሰንሰለት ማለት ምርቱ ከግብዓት ጀምሮ ተመጋቢው እስኪደርስ ድረስ የሚያልፍባቸው እጆች በሙሉ ናቸው። ለበቆሎ ሰንሰለቱ በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ ዘርና ማዳበሪያ፣ ማሳ፣ አጨዳ፣ ማድረቅ፣ መፈልፈል፣ ጎተራ፣ ነጋዴ ወይም መሠረታዊ ህብረት ሥራ ማህበር፣ ዩኒየን፣ ከዚያም ፋብሪካ፣ ወፍጮ ቤት ወይም ተመጋቢ።

ምርቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ሦስት ነገሮች ሊለወጡ ይችላሉ። እነዚህም ክብደቱ፣ ጥራቱና ዋጋው ናቸው። ስለዚህ ዋናው የልኬት ቦታ እነዚህ መሻገሪያዎች ናቸው። ወደ ጎተራ ሲገባ መዝኑ፤ ከጎተራ ሲወጣ መዝኑ፤ ለገዢ ሲሰጥ መዝኑ። ያልመዘናችሁትን ሌላው ይመዝንላችኋል፤ የምትቀበሉትም እርሱ የነገራችሁን ቁጥር ይሆናል።

ሰንሰለቱ ዘላቂ ነው የሚባለው ደግሞ ሦስት ነገሮችን አሟልቶ ሲገኝ ነው፦ አርሶ አደሩን የሚያተርፍ፣ ተመጋቢውን የማይጎዳና መሬቱን የማያራቁት ሲሆን። አንዱ ከጎደለ ሁለቱ ብዙ አይቆዩም።

3. ስድስቱ ልኬቶች

3.1 የአንድ ኩንታል ወጪ

ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለፀረ አረምና ፀረ ተባይ፣ ለቀን ሠራተኛ፣ ለመፈልፈያ ማሽን፣ ለጆንያና ለማጓጓዣ ያወጣችሁትን ደምሩ። የቤተሰባችሁን ጉልበት በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ገምታችሁ ጨምሩበት። ድምሩን ለገበያና ለቀለብ በደረሰው ኩንታል አካፍሉ እንጂ ከማሳ በተነሳው አታካፍሉ። በመግቢያው ምሳሌ ሁለቱም አርሶ አደሮች 90,000 ብር አውጥተው ቢሆን ለአንደኛው የአንድ ኩንታል ወጪ 1,800 ብር፣ ለሁለተኛው ደግሞ ወደ 1,552 ብር ይሆናል። ማሳቸው እኩል ቢሰጥም ትርፋቸው እኩል አይደለም።

3.2 እርጥበት

በቆሎ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ እርጥበቱ ከ13 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከዚያ በላይ ሲሆን ሻጋታ ይይዘዋል፤ ነቀዝም በፍጥነት ይራባል። አስተማማኙ መንገድ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ነው። በህብረት ሥራ ማህበራችሁ ወይም በዩኒየኑ ካለ ተጠቀሙበት። መሣሪያ ከሌለ በጨው ሙከራ ጀምሩ፦

ሀ. ንጹሕና ፍጹም የደረቀ ክዳን ያለው የመስታወት ብርጭቆ ወይም ጠርሙስ አዘጋጁ፤
ለ. ሲሶውን ያህል የተፈለፈለ በቆሎ ጨምሩበት፤
ሐ. ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ የደረቀ ደቃቅ ጨው ጨምሩና ክደኑት፤
መ. ለአንድ ደቂቃ ያህል በደንብ አንቀጥቅጡ፤ ከዚያ 15 ደቂቃ አስቀምጡት፤
ሠ. ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው። ወደ ጎተራ አታስገቡት።

ጨው ካልተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች ነው ማለት ብቻ ነው፤ 13 በመቶ ደርሷል ማለት አይደለም። ስለዚህ በሸራ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ እያገላበጣችሁ ማድረቁን ቀጥሉ፤ ከመዝጋታችሁ በፊትም በመሣሪያ አረጋግጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሁለት ቀን ለመቆጠብ የገባ እርጥብ እህል ሙሉ ጎተራ ያበላሻል።

እርጥበትን መለካት ለሽያጭም ይጠቅማል። 18 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ በቆሎ ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ ክብደቱ 94 ኪሎ ተኩል ገደማ ሳይሞላ፣ 94 ኪሎ ከ250 ግራም ያህል ይሆናል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 100 ሲቀነስ 18 እኩል 82፤ 100 ሲቀነስ 13 እኩል 87፤ 82 ለ87 ሲካፈል 0.9425። የቀነሰው 6 ኪሎ የማይሞላ ውሃ ነው። ስለዚህ ነጋዴው "እርጥብ ነው" ብሎ ከኩንታሉ 10 ኪሎ ልቀንስ ቢላችሁ ከውሃው በላይ እየቀነሰ መሆኑን በቁጥር ማሳየት ትችላላችሁ። እንዲሁም በጎተራ ውስጥ የጎደለው ክብደት የደረቀ ውሃ ይሁን የተበላ እህል ለመለየት ያግዛችኋል።

3.3 የጎተራ ብክነት

በየወሩ አንድ ቀን ወስኑ። ከተለያዩ ጆንያዎች ከላይ፣ ከመሐልና ከታች እፍኝ እፍኝ እህል ውሰዱና ቀላቅሉ። ሳትመርጡ 100 ፍሬ ቁጠሩ፤ የተበሳውን፣ የሻገተውንና የተሰበረውን ለየብቻ ለዩ። ይህን ሦስት ጊዜ ደግማችሁ አማካዩን ያዙ። ቁጥሩን ካለፈው ወር ጋር አወዳድሩ። ካለፈው ወር 2 የነበረው ዘንድሮ ወር 6 ከሆነ ነቀዙ እየተራባ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ከዚህም በላይ ይሆናል።

ምን ያህል ክብደት እንደጠፋ በትክክል ማወቅ ከፈለጋችሁ ከቀበሌው ግብርና ባለሙያ ጋር በግራም ሚዛን ሥሩት። ለምሳሌ ከ500 ፍሬ 440 ደህና፣ 60 የተበሳ ሆኖ ተገኘ። 440ው ደህና ፍሬ 154 ግራም መዘነ፤ ስለዚህ አንድ ደህና ፍሬ 0.35 ግራም ነው። 60ው የተበሳ ፍሬ ደህና ቢሆን ኖሮ 21 ግራም ይመዝን ነበር፤ የመዘነው ግን 18 ግራም ነው። ነቀዝ የበላው 3 ግራም ሆነ። ሁሉም ደህና ቢሆን 175 ግራም ይመዝን ስለነበር ብክነቱ ወደ 1.7 በመቶ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከ100 ውስጥ 12 ፍሬ የተበሳ እህል ክብደቱ በትንሹ ቢቀንስም ገዢው ዋጋውን የሚቀንሰው በዓይኑ ባየው ልክ ነው። ለዘር የታሰበ ከሆነ ደግሞ የብቅለት አቅሙ ይጎዳል።

ነቀዝን ለመከላከል ከሚያገለግሉት አንዱ በተለምዶ ፒክስ የሚባለው ሦስት ሽፋን ያለው ከረጢት ነው። ውስጡ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን፣ ውጪው ጆንያ ነው። በደንብ ሲታሰር አየር አያስገባም፤ ነቀዙ በውስጡ ያለውን አየር ተጠቅሞ ሲጨርስ መብላትና መራባት አቁሞ ይሞታል። ኬሚካል አያስፈልገውም። ሁለቱን የፕላስቲክ ሽፋኖች አንድ ላይ ሳይሆን ለየብቻ እሰሩ። ከግድግዳ አርቃችሁ በርብራብ ላይ አስቀምጡት። አይጥ እንዳይበሳው ጠብቁ። ካልተቀደደ ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል። እርጥብ እህል ግን ፒክስም አያድነውም፤ ታሽጎ ይሻግታል። ፒክስ ቶሎ ቶሎ ከተከፈተ አየር ስለሚገባ ለቆጠራ አንድ ከረጢት ብቻ ለይታችሁ ያዙ።

3.4 ደህንነት

ሻጋታ ዋጋ ከመቀነስ ያለፈ አደጋ አለው። በበቆሎ ላይ የሚያድጉ አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። መርዙ በመፍጨት፣ በመቀቀልም ሆነ በመጋገር ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ለረጅም ጊዜ ጥቂት ጥቂቱን መመገብ የጉበት ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። በብዛት ከተበላ በአጭር ጊዜ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በጎረቤታችን በኬንያ ምሥራቃዊ ክፍል ሰዎች የተበከለ በቆሎ በልተው 317 ሰዎች ሲታመሙ 125ቱ ሞተዋል። እህሉ በአብዛኛው በአርሶ አደሩ ቤት በእርጥብነቱ የተቀመጠ ነበር።

የሻገተ እህል ለከብት መስጠትም መፍትሔ አይደለም። መርዙ ከላሚቱ ወደ ወተቷ ያልፋል፤ ወተቱን የሚጠጡት ደግሞ ልጆቻችሁ ናቸው። ስለዚህ የምትለኩት ይህ ነው፦ ከ100 ፍሬ ስንቱ ሻግቷል ወይም ቀለሙ ተቀይሯል? የበቆሎው ራስ መሬት ላይ ተከምሮ ስንት ቀን ቆየ? የሻገተውን ራስ ከመፈልፈሉ በፊት መልቀም ከተፈለፈለ በኋላ ከመልቀም የቀለለና የተሻለ ነው።

በጎተራ ኬሚካል የምትጠቀሙ ከሆነ የኬሚካሉን ስም፣ መጠኑንና ያደረጋችሁበትን ቀን መዝግቡ። ፎስቶክሲን ሰውን የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ሰው ወይም ከብት በሚያድርበት ቤት በፍጹም አይደረግም። ያለ ባለሙያም አትጠቀሙበት።

3.5 የውል አፈጻጸም

ከህብረት ሥራ ማህበር፣ ከዩኒየን ወይም ከፋብሪካ ጋር ውል ካላችሁ አራት ነገር መዝግቡ፦ የተዋዋላችሁት ኩንታል፣ በቀኑ ያደረሳችሁት ኩንታል፣ በጥራት ጉድለት የተመለሰባችሁ ኩንታል፣ ክፍያው የተፈጸመበት ቀን። የመጨረሻው የገዢውን አፈጻጸም የሚለካ ስለሆነ አትዝለሉት። ውል የሁለት ወገን ነው፤ ልኬቱም የሁለት ወገን መሆን አለበት።

የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2008 ጀምሮ ለ5 ዓመታት በ20 አገሮች ከአነስተኛ አርሶ አደሮች እህል የመግዛት ሙከራ አካሂዷል። ኢትዮጵያም አንዷ ስትሆን በአገራችን በቆሎ በህብረት ሥራ ዩኒየኖች በኩል ይገዛ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ግዢ ከሚታዩት ዋና ችግሮች አንዱ ከውል በኋላ የገበያ ዋጋ ሲጨምር አባላት እህሉን ለሌላ መሸጣቸውና ዩኒየኖች ቃል የገቡትን ማሟላት አለመቻላቸው ነው። አንድ አባል 5 ኩንታል ሲያስቀር ትንሽ ይመስላል። መቶ አባላት እንዲሁ ሲያደርጉ 500 ኩንታል ይጎድላል። ገዢው በቀጣዩ ዓመት ወደ ሌላ ይሄዳል። በተቃራኒው ገዢው ክፍያ ሲያዘገይ ወይም ያለ በቂ ምክንያት ምርት ሲመልስ፣ መዝገብ የያዘ ማህበር በቀንና በኩንታል ዘርዝሮ ይከራከራል። መዝገብ የሌለው የሚያቀርበው አቤቱታ ብቻ ነው።

3.6 የመሬቱ ሁኔታ

ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከአፈሩ ስለሆነ የመጨረሻው ልኬት ወደ ማሳ ይመልሰናል። በየዓመቱ ሁለት ነገር ለኩ።

አንደኛ፣ ማዳበሪያው ምን ያህል እየመለሰ እንደሆነ። ከአንድ ማሳ ያገኛችሁትን ምርት በኪሎ፣ በዚያ ማሳ ላይ ላደረጋችሁት ማዳበሪያ በኪሎ አካፍሉ። 6,000 ኪሎ ምርት ለ400 ኪሎ ማዳበሪያ ሲካፈል 15 ነው። በተመሳሳይ የማዳበሪያ መጠንና ጥሩ ዝናብ ይህ ቁጥር ከዓመት ዓመት ከቀነሰ ማዳበሪያ መጨመር ሳይሆን አፈሩን ማስመርመር ይቀድማል። በአካባቢያችን ብዙ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው። በአሲዳማ አፈር ላይ ሰብሉ በተለይ ፎስፈረስን እንደሚገባው ሊጠቀም አይችልም። የሚያስፈልገው ኖራ ሆኖ ሳለ ማዳበሪያ መጨመር ገንዘብን መቅበር ነው።

ሁለተኛ፣ የአፈሩ ሽፋን። 50 ቋጠሮ ያለው፣ በየቋጠሮው መካከል ግማሽ ሜትር የሆነ ገመድ አዘጋጁ። ከአጨዳ በኋላና ከእርሻ በፊት በማሳው ላይ ከፈር መስመር ጋር አግድም ዘርጉት። አገዳ ወይም ቅጠል የነካውን ቋጠሮ ቁጠሩና በ2 አባዙ፤ የሽፋኑ መጠን በመቶኛ ይወጣል። በሦስት ቦታ ደግሙት። በአፈር ጥበቃ አሠራር ዝቅተኛው ተፈላጊ ሽፋን 30 በመቶ ነው። አገዳ ለመኖና ለማገዶ እንደሚፈለግ የታወቀ ነው። ልኬቱ ምን ያህሉን ወስዳችሁ ምን ያህሉን እንደምትተዉ አውቃችሁ እንድትወስኑ ይረዳችኋል።

4. ከልኬት ወደ ውሳኔ

ውሳኔ የማይለውጥ ልኬት የደብተር ወረቀት ይጨርሳል እንጂ አይጠቅምም። ከዚህ በታች ሦስት ዋና ዋና ውሳኔዎች በምሳሌ ቀርበዋል።

4.1 አሁን ልሽጥ ወይስ ላስቀምጥ?

በቆሎ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ገበያው ስለሚሞላ ይረክሳል፤ ወደ ክረምት ሲጠጋ ብዙውን ጊዜ ይወደዳል። ነገር ግን የተወደደ ሁሉ አያተርፍም። የማስቀመጥ ወጪና ብክነት አለ። ስሌቱ ይህ ነው፦ የዛሬ ዋጋ፣ የማስቀመጫ ወጪና የገንዘቡ ወለድ ይደመራሉ፤ ድምሩ ከጎተራ ደህና በሚወጣው ድርሻ ይካፈላል። የሚወጣው ቁጥር ማስቀመጥ እንዳያከስራችሁ ልታገኙ የሚገባው ዝቅተኛ ዋጋ ነው።

ለምሳሌ በታኅሣሥ የአንድ ኩንታል ዋጋ 3,000 ብር ነው። እስከ ግንቦት 5 ወር ታስቀምጣላችሁ። ብድር ስላለባችሁ በወር 1.5 በመቶ ወለድ ይታሰባል፤ በ5 ወር 225 ብር ነው።

- በተራ ጆንያ፦ ጆንያና ኬሚካል 70 ብር፤ ብክነት 8 በመቶ። 3,295 ለ0.92 ሲካፈል ወደ 3,582 ብር።
- በፒክስ፦ ከረጢቱ 200 ብር ሆኖ ሁለት ዓመት ስለሚያገለግል በዓመት 100 ብር፤ ብክነት 1 በመቶ። 3,325 ለ0.99 ሲካፈል ወደ 3,359 ብር።

በተራ ጆንያ ለሚያስቀምጥ ዋጋው ከ19 በመቶ በላይ፣ በፒክስ ለሚያስቀምጥ 12 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት ማለት ነው። አሁን የዋጋ መዝገባችሁን አውጡ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ዋጋው 8፣ 20 እና 3 በመቶ ጨምሮ ነበር እንበል። 20 በመቶ በጨመረበት ዓመት በፒክስ ያስቀመጠ በኩንታል ወደ 239 ብር ሲያተርፍ በተራ ጆንያ ያስቀመጠ ያተረፈው 17 ብር ብቻ ነው። 3 በመቶ በጨመረበት ዓመት ግን በፒክስ ያስቀመጠውም 266 ብር ያህል ከስሯል።

እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው አርሶ አደር ሁሉንም አያስቀምጥም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜም አይሸጥም። ብድሩን የሚከፍልበትን ያህል ቀድሞ ይሸጣል፤ ወለዱም ይቆምለታል። የቀረውን ቀለቡን ለይቶ በፒክስ ያስቀምጣል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ብቸኛ ዝግጅት በየሳምንቱ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ቀን የበቆሎን ዋጋ መመዝገብ ነው።

4.2 ለማን ልሽጥ?

የተነገራችሁን ዋጋ ሳይሆን እጃችሁ ላይ የሚቀረውን አወዳድሩ። ምሳሌ ለአንድ ኩንታል፦

- ደጃችሁ ድረስ የመጣ ነጋዴ፦ 2,900 ብር። ሚዛኑ ግን 100 ኪሎውን 97 ያሳያል። የሚቀረው 2,813 ብር።
- የከተማ ነጋዴ፦ 3,100 ብር። ማጓጓዣ 120፣ ጫኝና አውራጅ 20፣ ደላላ 30 ሲቀነስ የሚቀረው 2,930 ብር።
- የህብረት ሥራ ማህበር፦ 3,000 ብር። ማጓጓዣና ጫኝ 50 ሲቀነስ 2,950። ክፍያው ሦስት ሳምንት ስለሚዘገይ ወለዱ ወደ 30 ብር። የሚቀረው 2,920 ብር፤ በዓመቱ መጨረሻ የትርፍ ክፍፍል ካለ ይጨመርበታል።

በከተማው ነጋዴና በማህበሩ መካከል ያለው ልዩነት 10 ብር ብቻ ነው። ይህን ያህል ሲቀራረብ የሚወስነው ሌላ ነገር ነው፦ ማህበሩ ባለፉት ዓመታት ትርፍ አከፋፍሏል? ክፍያውን በቃሉ ፈጽሟል? ግብዓትስ በወቅቱ አቅርቧል? በ3.5 የያዛችሁት መዝገብ እዚህ ላይ ይሠራል።

ሚዛንን ለመፈተሽ ውሃ ይበቃል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ባዶ ጀሪካን መዝኑ። በ1 ሊትር መለኪያ 20 ጊዜ ውሃ ጨምሩበትና እንደገና መዝኑት። ሚዛኑ ትክክል ከሆነ በሁለቱ መካከል 20 ኪሎ ልዩነት ያሳያል። ይህን ከጭቅጭቅ በፊት፣ በሰው ፊት፣ በአክብሮት አድርጉት።

4.3 ልኬቶች ሲጋጩ

አንዳንድ ጊዜ አንዱ ልኬት ሽጥ ሲል ሌላው ተው ይላል። እንደዚህ ሲሆን ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ጠይቁ።

አንደኛ፣ ሰውን ይጎዳል ወይ? የሻገተ ወይም ኬሚካል የተደረገበት ጊዜው ያላለፈ እህል ዋጋው ምንም ቢሆን አይሸጥም፣ አይበላም። እዚህ ላይ ስሌት የለም።
ሁለተኛ፣ የተሻለ የተጣራ ገቢ የሚያስገኘው የትኛው ነው?
ሦስተኛ፣ ለከርሞ ምን ያሳጣኛል? ዛሬ 50 ብር ብልጫ ለማግኘት ውል ማፍረስ የከርሞውን ገዢ ያሳጣል። አገዳውን በሙሉ መሸጥ አፈሩን ያራቁታል። የሚገኘውንና የሚታጣውን ጎን ለጎን ጽፋችሁ ተመልከቱ።

የውሳኔ መስመርን አስቀድሞ ማስመርም ጠቃሚ ነው። ለምሳሌ "ከ100 ፍሬ የተበሳው 5 ከደረሰ በዚያው ሳምንት እንሸጣለን" ብላችሁ በጥር ወር በደብተራችሁ ጻፉ። መስመሩ አስቀድሞ ከተጻፈ "ዋጋው ትንሽ ይጨምር ይሆናል" እያሉ እህልን ማስበላት ይቀራል።

5. መዝገቡን ማን፣ መቼ ይይዛል?

አንድ የተማሪ ደብተር ይበቃል። በየቀኑ መጻፍ አያስፈልግም። የሚጻፈው ወጪ በወጣ ጊዜ፣ ምርቱ ከማሳ ሲነሳ፣ ወደ ጎተራ ሲገባ፣ በየወሩ የፍሬ ቆጠራ ቀን፣ በየሳምንቱ የገበያ ዋጋ፣ ሽያጭ ሲፈጸም እና ክፍያ ሲደርስ ነው።

በብዙ ቤት ከጎተራ እህል የምታወጣው የቤቱ እመቤት ናት። ነቀዝ መጀመሩን ቀድማ የምታውቀውም እርሷ ናት። ስለዚህ ባልና ሚስት አብረው ካልሠለጠኑና አብረው ካልመዘገቡ መዝገቡ ጎደሎ ይሆናል። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ካለ ጽሕፈቱንና ስሌቱን ያግዝ።

በልማት ቡድን ደረጃ ደግሞ አባላት የየራሳቸውን የፍሬ ቆጠራና የተጣራ ዋጋ በወር አንድ ጊዜ ያወዳድሩ። የማወዳደሩ ዓላማ ማን እንደሰነፈ ለመለየት ሳይሆን የተሻለ ውጤት ያገኘው ምን እንዳደረገ ለመማር ነው። አባላት ቁጥሩ ያሳፍረናል ብለው ከሠጉ ቁጥሩን ማሳመር ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ መዝገቡ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ እናንተ ሞዴል አርሶ አደሮች መጀመሪያ የራሳችሁን ብክነት ግለጹ፤ ሌላው ይከተላል።

6. ማጠቃለያ

- ምርት የሚለካው ከማሳ ሲነሳ ብቻ ሳይሆን ገዢው ዘንድ ሲደርስም ነው።
- ምርቱ ከእጅ ወደ እጅ በተሻገረ ቁጥር መዝኑ።
- ከ13 በመቶ በላይ እርጥበት ያለው በቆሎ ወደ ጎተራ አይገባም።
- በየወሩ 100 ፍሬ ሦስት ጊዜ ቁጠሩ።
- የተነገረውን ዋጋ ሳይሆን የተጣራውን አወዳድሩ።
- በውሳኔ ጊዜ ደህንነት ይቀድማል፤ ገቢ ይከተላል፤ ከርሞም ይታሰባል።

7. የመወያያ ጥያቄዎች

1) በአካባቢያችሁ ከፍተኛው ብክነት የሚደርሰው በየትኛው ደረጃ ነው? ይህን ያወቃችሁት በልኬት ነው ወይስ በግምት?
2) ባለፈው ዓመት በቆሎ ያስቀመጣችሁ፣ ወጪውና ብክነቱ ሲታሰብ አተረፋችሁ ወይስ ከሰራችሁ?
3) የህብረት ሥራ ማህበራችሁ ውሉን ምን ያህል ፈጽሟል? እናንተስ?

8. የተግባር ሥራ

በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉ በቡድን ሆናችሁ የጨው ሙከራን፣ የ100 ፍሬ ቆጠራንና የሚዛን ፍተሻን ሥሩ። ከዚያም እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን የታኅሣሥ ዋጋና ወጪ ተጠቅማችሁ "እስከ ግንቦት ለማስቀመጥ ልታገኙ የሚገባው ዝቅተኛ ዋጋ" ስንት እንደሆነ አስሉ። ውጤቱን በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ለቡድናችሁ አባላት አሳዩ።